ርካሽ ማጫወቻ ለባለ 45 ዙር ሸክላዎቻችን፦ የኦዲዮ-ቴክኒካ ኤቲ-ኤልፒ60ኤክስ ግምገማ

ከአዲስ አበባ በሻንጣ ተጭነው ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ቶሮንቶ ወይም ወደ ስቶክሆልም የተጓዙ ባለ 45 ዙር (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚሽከረከሩ) የአማርኛ ሸክላዎች ዛሬ በልጆችና በልጅ ልጆች እጅ ይገኛሉ። ወራሾቹ አብዛኛውን ጊዜ ሙዚቃን በስልክ መስማት የለመዱና የሸክላ ማጫወቻ ገዝተው የማያውቁ በመሆናቸው መጀመሪያ የሚያነሡት ጥያቄ ስለ ዋጋ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የማጫወቻው መርፌ በሸክላው ላይ በምን ያህል ጫና ያርፋል የሚለው ነው። ትናንት የታተመ ሸክላ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል። ከሃምሳ ዓመት በፊት በጥቂት ቅጂ ታትሞ ዳግመኛ ያልታተመ ሸክላ ግን አንዴ ከተፋቀ የሚመልሰው የለም። በዚህ ግምገማ የማየው በዝቅተኛ ዋጋ ከሚሸጡት ማጫወቻዎች መካከል በሰፊው የታወቀውን፣ የጃፓኑ ኦዲዮ-ቴክኒካ የሚያቀርበውን ኤቲ-ኤልፒ60ኤክስ ሲሆን፣ የምመዝነውም ከሁሉ በፊት ለእነዚህ አሮጌ ሸክላዎች ባለው ጠባይ ነው።

የሸክላዎቹ ታሪክ ለምን መጠንቀቅ እንደሚገባ ያስረዳል። አምሃ እሸቴ በሀገር ፍቅር ማኅበር ተይዞ የነበረውን የሸክላ ሕትመት መብት ተጋፍቶ እ.ኤ.አ. በ1969 በስሙ የሚጠራውን አሳታሚ ሲያቋቁም አገር ውስጥ የሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ፣ ሸክላዎቹ እንደ ሕንድና ሊባኖስ ባሉ አገሮች እየታተሙ ይመጡ ነበር። ከአምሃ ሌላ ፊሊፕስና ካይፋ የተባሉ አሳታሚዎችም ብዙ ሥራዎችን አውጥተዋል። የዘመኑ ሙዚቃ በብዛት የወጣው በአንድ ፊት አንድ ዘፈን በሚይዘው፣ በትንሹ ባለ 7 ኢንች ሸክላ ሲሆን፣ ትልቁ ባለ 12 ኢንች ሸክላ በቁጥር ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ካሴት ገበያውን ሲረከብ የሸክላው ዘመን አከተመ። ከዚያ ወዲህ በፈረንሳይና በሌሎች አገሮች በሲዲ፣ አንዳንዴም በአዲስ ሸክላ እንደገና የታተሙ ሥራዎች ቢኖሩም፣ ከመጀመሪያው ሕትመት በቀር ሌላ መገኛ የሌላቸው ዘፈኖች አሁንም ብዙ ናቸው። በመሆኑም በአንድ ቤተሰብ ካርቶን ውስጥ የተቀመጠ ሸክላ ከትዝታነቱ ባሻገር ቅርስ ነው።

ኦዲዮ-ቴክኒካ እ.ኤ.አ. በ1962 በቶኪዮ የተመሠረተ ሲሆን የመጀመሪያ ሥራውም የመርፌ ካርትሪጅ፣ ማለትም መርፌው የሚሰካበትና ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠው ክፍል ነበር። ኤልፒ60ኤክስ ደግሞ በ2019 ገበያ ላይ የዋለ፣ ከእሱ በፊት የነበረውን ኤልፒ60 የተካ ሞዴል ነው። አሜሪካ ውስጥ እንደ ሻጩና እንደ ወቅቱ ከ150 እስከ 200 ዶላር ይሸጣል። በቺንጋ የሚሽከረከር፣ በ33⅓ እና በ45 ዙር የሚሠራ፣ 2.6 ኪሎ ግራም ብቻ የሚመዝን፣ ሙሉ በሙሉ አውቶማቲክ ማጫወቻ ነው። አውቶማቲክ ማለት አንድ ቁልፍ ሲጫኑ መርፌውን የያዘው ክንድ ራሱ ተነሥቶ፣ በሸክላው ጠርዝ ላይ አርፎ፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ወደ ቦታው ተመልሶ ሞተሩን ያጠፋል ማለት ነው። ይህን ሙያተኞች እንደ ቅንጦት፣ አንዳንዴም እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን ለዚህ አገልግሎት የመጀመሪያው ብልጫው ነው እላለሁ። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አባት ወይም ገና አሥር ዓመት ያልሞላት ልጅ መርፌውን በእጃቸው ሲያሳርፉ ክንዱ አምልጦ ሸክላውን ከዳር እስከ ዳር ሊቧጭረው ይችላል፤ እዚህ ግን ክንዱን መንካት ፈጽሞ አያስፈልግም።

ማጫወቻው ከካርቶኑ ሲወጣ ለመገጣጠም ልዩ መሣሪያ አይፈልግም። ሸክላው የሚቀመጥበት የአሉሚኒየም ሳህን ከሥሩ ቺንጋው ተጠምጥሞበት ይመጣል። ሳህኑ በመሐል ዘንጉ ላይ ከተቀመጠ በኋላ በላዩ ባለው ቀዳዳ በኩል ከታች ያለው ትንሽ የነሐስ ፑሌጃ (ቺንጋውን የሚያዞረው የሞተሩ መዘውር) እስኪታይ ድረስ በእጅ ይዞራል፤ ከዚያም በቺንጋው ላይ የታሰረችውን ቀይ ሪባን ስቦ ቺንጋውን ፑሌጃው ላይ ማጥለቅና ሪባኗን ማውጣት ነው። በዚህ ጊዜ ቺንጋው እንዳልተጠማዘዘ ሳህኑን ጥቂት ዙር በእጅ አዙሮ ማየት ይገባል፤ የተጠማዘዘ ቺንጋ ፍጥነቱን ያወላግደዋል፤ ድምፁም ይዋልላል። ቀጥሎ የጨርቅ ንጣፉ ሳህኑ ላይ ይነጠፋል፣ የክንዱ ማሰሪያ ይፈታል፣ የመርፌው መከለያ ይወልቃል። ለሰፊ ቀዳዳ ሸክላ የሚሆነው ክብ ማስገቢያም አብሮ ይመጣል። ባለ 7 ኢንች ሸክላዎች ቀዳዳቸው ጠባብም ሰፊም ሊሆን ስለሚችል፣ ይህች ትንሽ ቁራጭ ከካርቶኑ ጋር እንዳትጣል አደራ እላለሁ።

ለእኛ ሸክላዎች ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚሻው የመጠን መምረጫው ነው። ማጫወቻው ክንዱን የት እንደሚያሳርፍ የሚያውቀው ሸክላውን አይቶ አይደለም፤ ተጠቃሚው በመረጠለት መጠን መሠረት ነው። መምረጫው በ12 ኢንች ላይ እንዳለ ባለ 7 ኢንች ሸክላ ተቀምጦ ማስጀመሪያው ከተጫኑ፣ ክንዱ ታዝዞ በትልቁ ሸክላ ጠርዝ ልክ ይወርዳል፤ እዚያ ግን ሸክላ ስለሌለ መርፌው ባዶ ቦታ ላይ ያርፋል። እንዲህ ያለ አወራረድ ቀጭኗን የመርፌ ዘንግ ሊያጣምማት ይችላል። የፍጥነት መምረጫውና የመጠን መምረጫው የተለያዩ በመሆናቸው 45 ዙርን መምረጥ ብቻውን አይበቃም። የቤተሰቡ ስብስብ በሙሉ ትንንሽ ሸክላ ከሆነ ሁለቱንም አንዴ በ45 እና በ7 ላይ አድርጎ እንዲያ መተው ነው፤ ትልቅና ትንሽ ሸክላ የሚያፈራርቅ ቤት ግን ማስጀመሪያውን ከመጫን በፊት ሁለቱንም መመልከትን ልማድ ማድረግ አለበት።

ወደ ድምፁ ስንመጣ፣ ይህ ማጫወቻ ከትልቁ ሸክላ ይልቅ በትንሹ ላይ ያምርበታል፤ ምክንያቱም በስሌት ሊታይ የሚችል ነው። መርፌ ድምፁን በግልጽ እንዲያነብ በሥሩ የሚያልፈው መስመር ፈጠን ማለት አለበት። በባለ 12 ኢንች ሸክላ መጀመሪያ ላይ በመርፌው ሥር በሰከንድ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል መስመር ያልፋል፤ ወደ መሐል እየገባ ሲሄድ ግን ዙሩ ስለሚጠብ ወደ 21 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። የመጨረሻው ዘፈን ከመጀመሪያው ይልቅ የታፈነና የተሸካከረ የሚመስለው በዚህ የተነሣ ነው። ባለ 7 ኢንቹ ግን በ45 ዙር ስለሚሽከረከር በመጀመሪያው ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በመጨረሻው ላይም 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። ልዩነቱ ጆሮ ላይ ይሰማል። የአማርኛ ዘፈን እንደ ሰ፣ ሸ፣ ጨ እና ጠ ባሉ ስለታም ድምፆች የተሞላ ስለሆነ፣ ደካማ ማጫወቻ ራሱን የሚያጋልጠው በእነዚህ ፊደላት ላይ ነው፤ «ሽ» የምትለው ድምፅ እንደሚቀደድ ወረቀት ትንኮሻኮሻለች። ኤልፒ60ኤክስ ንጹሕ ባለ 45 ዙር ሸክላ ሲጫወት እነዚህ ድምፆች እስከ ዘፈኑ ማብቂያ ድረስ መልካቸውን ይዘው ይቆያሉ። በትልቁ ሸክላ የመጨረሻ ዘፈን ላይ ግን መጠነኛ መሻከር አለ፤ በዚህ ዋጋ የሚጠበቅም ነው።

ሳክስፎኑና ትራምፔቱ አንድ ላይ ሲገቡ የመሣሪያዎቹ ድምፅ ሙሉ ሆኖ ይመጣል፤ ባሱ ለስለስ ያለ እንጂ ጠንከር ያለ አይደለም። በጣም ረጅም ተይዘው የሚቆዩ ድምፆች፣ ለምሳሌ የኦርጋን ወይም የዋሽንት፣ ከውድ ማጫወቻ ጋር ጎን ለጎን ቢደመጡ ጥቂት መወዛወዝ ይታይባቸዋል፤ ድምፃዊው በጉሮሮው ከሚያንቆረቁረው ቅላጼ ጋር ግን ይህ መወዛወዝ ለብዙ ጆሮ የሚለይ አይሆንም። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ዘመን የነበረው የቀረጻ ጥራት ራሱ ወሰን ስላለው፣ ብዙ ሺህ ዶላር የሚያወጣ ማጫወቻ ከእነዚህ ሸክላዎች ተጨማሪ ብዙ ነገር ያወጣል ብዬ አላምንም።

የግምገማው ዋና ነጥብ መርፌው ነው። በኤልፒ60ኤክስ ላይ ያለው መርፌ ኤቲኤን3600ኤል የሚባል ሲሆን፣ ጫፉ ክብ የተቀረጸ አልማዝ ነው፤ የሚያርፈውም በ3 ግራም አካባቢ ጫና ነው። ውድ ካርትሪጆች 2 ግራምና ከዚያ በታች ስለሚጫኑ ከእነሱ ጋር ሲነጻጸር ከበድ ይላል፤ ነገር ግን ለሸክላ ጤና ተቀባይነት ካለው ክልል አይወጣም። ክብ ጫፍ ከሞላላው ይልቅ በመስመሩ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ድምፆች የማውጣት አቅሙ አነስተኛ ቢሆንም፣ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ አቀማመጡ ጥቂት ቢዛነፍ እንኳ ድምፁ አይበላሽም። ለብዙ ዓመታት የተጫወተና በብዙ እጅ ያለፈ ሸክላ ላይ ይህ ቻይነት ዋጋ አለው።

መርፌ አላቂ ዕቃ መሆኑን አዲስ ገዢዎች አያውቁም፤ ሻጮችም አይነግሯቸውም። እንዲህ ዓይነቱ መርፌ ከ300 እስከ 500 ሰዓት ካገለገለ በኋላ መለወጥ አለበት። በየቀኑ አንድ ሰዓት ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ከአንድ ዓመት ያነሰ ወይም ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ነው። ያለቀ መርፌ ጫፉ ክብነቱን አጥቶ ጠርዝ ያወጣል፤ ያ ጠርዝ የሸክላውን መስመር ግድግዳ እየላጨ ይሄዳል፤ ጉዳቱ በዓይን የማይታይ ስለሆነ የሚታወቀው ድምፁ ለዘለቄታው ከተበላሸ በኋላ ነው። ደስ የሚለው፣ የዚህ ማጫወቻ መርፌ በርካሽ በየቦታው ይገኛል፤ ያለ ዊንች መፍቻ በጣት ብቻ ወደ ታች ተጎትቶ ይወልቃል፣ አዲሱም ቀጭ ብሎ ይገባል። ስለዚህ ማጫወቻውን የሚገዛ ሰው ዋጋውን ሲያሰላ ተጨማሪ አንድ መርፌ አብሮ ያስላ፤ የሚጀምርበትንም ቀን በማጫወቻው ሥር በትንሽ ወረቀት ጽፎ ይለጥፍ።

ጉድለቶቹን ሳልሸፍን ልናገር። ካርትሪጁ ከክንዱ ጋር አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ በመሆኑ መለወጥ የሚቻለው መርፌውን ብቻ ነው፤ ነገ ገንዘብ ሲገኝ የተሻለ ካርትሪጅ እገጥምለታለሁ የሚል ሰው ይህን ማጫወቻ አይግዛ። ክንዱ በስተጀርባው የሚስተካከል ማመዛዘኛ ስለሌለው የመርፌውን ጫና መቀነስም ሆነ መጨመር አይቻልም። ቀላል ስለሆነም በሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ላይ ወይም በእንጨት ወለል ላይ ሰው ሲራመድ መርፌው ሊዘል ይችላል፤ ከድምፅ ማጉያዎቹ ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥም ባሱን ያጉረመርመዋል። ባለ 78 ዙር ሸክላ ጭራሽ አያጫውትም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን ካስቀረጿቸው ጀምሮ የድሮዎቹ ሸክላዎች ከዚህ ወገን ናቸው፤ እነዚህ የሚሠሩበት ቁስም የመስመራቸው ስፋትም ልዩ ስለሆነ ለብቻ የተዘጋጀ መርፌ ይፈልጋሉ።

ለዚህ ተግባር በጭራሽ የማልመክረው በትንሽ ሻንጣ ቅርጽ ተሠርቶ፣ ድምፅ ማጉያው በውስጡ ተገጥሞለት በ50 ወይም በ60 ዶላር የሚሸጠውን ዓይነት ነው። መልኩ ያምራል፤ ለስጦታም ይመረጣል። ነገር ግን ብዙዎቹ የሴራሚክ ካርትሪጅ ስላላቸው መርፌያቸው ከ5 ግራም በላይ ይጫናል፤ ድምፅ ማጉያውም ከመርፌው ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ ስለሆነ ንዝረቱ ተመልሶ ወደ ክንዱ ይገባል። አዲስ የፖፕ ሸክላ ገዝቶ ለሚጫወት ወጣት ይህ ብዙ ላያሳስብ ይችላል። በእናቱ የሙሽርነት ዘመን የተገዛ ሸክላ ያለው ሰው ግን መቶ ዶላር ያህል ለማትረፍ ብሎ ያን ሸክላ ለእንዲህ ያለ መርፌ ባይሰጥ እለምናለሁ።

ከኤልፒ60ኤክስ ጋር የሚወዳደሩ ሌሎችም አሉ። የሶኒው ፒኤስ-ኤልኤክስ310ቢቲ እንደ እሱ አውቶማቲክ ነው፤ ብሉቱዝ ስላለው ገመድ አልባ ድምፅ ማጉያ ያለው ቤት ይመቸዋል፤ የመርፌው ዓይነት ግን ተመሳሳይ ስለሆነ የድምፁ ልዩነት ሰፊ አይደለም። ወደ 300 ዶላር ማውጣት የሚችል ሰው ፍሉዋንስ አርቲ82ን ቢመለከት ጥሩ ነው፤ ኦርቶፎን ካርትሪጅ፣ የሚስተካከል ማመዛዘኛና ፍጥነቱን በብርሃን የሚቆጣጠር መሣሪያ አለው፤ ነገር ግን ክንዱን በእጅ ማሳረፍ ግድ ነው፣ ከመርፌው የሚመጣውን ደካማ ምልክት የሚያጎላው ፎኖ ፕሪአምፕም በውስጡ የለውም። ሞተሩ ያለ ቺንጋ ሳህኑን በቀጥታ የሚያዞረው የኦዲዮ-ቴክኒካ ኤልፒ120ኤክስ ደግሞ 78 ዙርን ጭምር ስለሚያጫውትና ለዚያ የሚሆን መርፌ ተለውጦ ስለሚገጠምለት፣ በጣም የቆዩ ሸክላዎች ያሉት ቤተሰብ ገንዘቡን ቆጥቦ እሱን ቢገዛ ይሻለዋል።

ስለ ያገለገሉ ማጫወቻዎች ብዙ ሰው ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠሩት የጃፓን ማጫወቻዎች ጠንካሮች መሆናቸው እውነት ነው፤ ቴክኒክስ በ1972 ያወጣው ኤስኤል-1200 እስከ ዛሬ ይሠራል። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ የተገዛ አሮጌ ማጫወቻ ወደ አዲስ አበባ ለሚልክ ሰው አንድ በቂ ትኩረት ያላገኘ ጉዳይ አለ። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልትና 60 ሄርዝ (በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ሲሆን የኢትዮጵያው 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። ቮልቱን በትራንስፎርመር ማስተካከል ይቻላል፤ ሄርዙን ግን ተራ ትራንስፎርመር አይለውጠውም። ከአሮጌዎቹ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ የሞተራቸውን ፍጥነት የሚወስዱት ከኤሌክትሪኩ ሄርዝ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ሲሰኩ ከሚገባቸው ፍጥነት አንድ ስድስተኛውን ያጣሉ። 45 ዙር የነበረው 37 ተኩል ይሆናል፤ የሦስት ደቂቃ ዘፈን ሦስት ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይፈጃል፤ የድምፁም ቁመት ከሦስት ሴሚቶን (ግማሽ ድምፅ) በላይ ዝቅ ይላል። የሚያውቁትን ድምፃዊ ድምፅ ወፍራምና ዝግተኛ ሆኖ ሲሰሙት ሸክላው የተበላሸ ይመስላል፤ ጥፋቱ ግን የሸክላው አይደለም። ለአንዳንድ ሞዴሎች መጠኑ የተለየ ፑሌጃ በመግጠም ይህን ማረም ይቻላል፤ ፑሌጃውን ፈልጎ ማግኘት ግን ቀላል አይደለም።

ኤልፒ60ኤክስ ከዚህ ችግር ነጻ ነው፤ ሞተሩ የሚሠራው ሶኬት ላይ ከሚሰካው አስማሚ (አዳፕተር) በሚመጣ 12 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ሄርዙ 50 ሆነ 60 ፍጥነቱ አይለወጥም። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ለአስማሚው ብቻ ነው። በላዩ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ የሶኬቱን እግር የሚያስማማ መሰኪያ ይበቃዋል፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ግን 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላልና ተመሳሳይ ቮልትና የጫፍ ዓይነት የሚሰጥ ሌላ አስማሚ መግዛት ያስፈልጋል። ወደ አገር ቤት ለሚላክ ማጫወቻ ይህን ከሁሉም በላይ እመለከተዋለሁ።

የግንኙነቱ ነገር ጀማሪዎችን ያደናግራል። ሸክላ ሲቀረጽ ዝቅተኛው ድምፅ እንዲቀንስ፣ ከፍተኛው ደግሞ እንዲጎላ ተደርጎ ነው፤ ይህን መልሶ የሚያስተካክለውና ከመርፌው የሚመጣውን እጅግ ደካማ ምልክት የሚያጎላው ፎኖ ፕሪአምፕ ይባላል። በኤልፒ60ኤክስ ውስጥ ይኸው ተገጥሞ ይመጣል፤ ከበስተኋላው ባለው መቀየሪያም ሊበራም ሊጠፋም ይችላል። ማጫወቻው ባለ ኃይል ከሆነ፣ ማለትም አምፕሊፋየር በውስጡ ካለው ድምፅ ማጉያ ወይም ፎኖ የሚል ማስገቢያ ከሌለው አምፕሊፋየር ጋር ሲገናኝ መቀየሪያው ላይን በሚለው ላይ ይሁን፤ አምፕሊፋየሩ የራሱ ፎኖ ማስገቢያ ካለው ደግሞ ፎኖ በሚለው ላይ። ሁለቱ ፕሪአምፖች አብረው ቢሠሩ ድምፁ ይጮኻል፣ ይሻክራል፤ ሁለቱም ባይሠሩ ደግሞ ቀጭንና ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። አዲስ ገዢ ማጫወቻው ተበላሽቷል ብሎ ከመመለሱ በፊት መጀመሪያ ይህን መቀየሪያ ይይ። ድምፅ ማጉያ ለሌለው ሰው እንደ ኤዲፋየር አር1280ቲ ያለ ባለ ኃይል ጥንድ ሳሎን ለመሙላት ይበቃዋል።

ከዚሁ ሞዴል የዩኤስቢ መውጫ ያለውም ይሸጣል፤ ሸክላዎቹ የቤተሰብ ለሆኑበት ቤት ጥቂት ጨምሮ እሱን መግዛት የተሻለ ነው ብዬ አስባለሁ። በኮምፒውተር ላይ እንደ ኦዳሲቲ ያለ ነጻ ፕሮግራም ተጭኖ እያንዳንዱ ሸክላ አንዴ በጥንቃቄ ከተቀዳ፣ ፋይሉ በየአገሩ ለተበተኑት ወንድሞችና እኅቶች ይላካል፤ ሸክላውም በየጊዜው መጫወቱ ቀርቶለት ያርፋል። ሲቀዳ ድምፁ ከፍ ብሎ እንዳይቆረጥ መጠኑን ዝቅ አድርጎ መጀመር፣ ያልተጨመቀውን ፋይል እንደ ዋና ቅጂ ማስቀመጥ፣ በፋይሉ ስም ላይ የድምፃዊውን፣ የአሳታሚውንና በሸክላው መለያ ወረቀት ላይ የታተመውን ቁጥር መጻፍ ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር ሕትመቱን ከሌላው ለመለየት ከዘፈኑ ርዕስ ይበልጥ ይረዳል።

ከመጀመሪያው ማጫወት በፊት ሸክላውን ማጽዳት የግድ ነው፤ የዓመታት አቧራ በመስመሩ ውስጥ ሲቀመጥ መርፌው እየፈጨ ወደ ታች ይወስደዋል። ላይ ላዩን ያለው በካርቦን ፋይበር ብሩሽ በዙሩ አቅጣጫ ይጠረጋል። የጠለቀው በተጣራ ውሃ ላይ ጠብ በተደረገ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ ይታጠባል፣ በንጹሕ የተጣራ ውሃ ይለቀለቃል፣ ከፀሐይ ርቆ ቆሞ ይደርቃል። የመሐል ወረቀቱ መርጠብ የለበትም፤ ቀለሙ ይፈስሳል፣ ወረቀቱም ይነሣል። ባለ 78 ዙሮቹን ደግሞ አልኮል የገባበት ማጽጃ ያሟሟቸዋልና ፈጽሞ አይነካቸው። የጸዱ ሸክላዎች ተኝተው ሳይሆን ቆመው፣ ከማሞቂያና ከመስኮት ርቀው ይቀመጡ።

ማጫወቻውን በአውሮፕላን ይዞ የሚሄድ ሰው ሳህኑን አውልቆ ለብቻው በጨርቅ ይጠቅልለው፤ የመርፌውን መከለያ ይመልስ፤ ክንዱን በማሰሪያው ይሰር። አብሮም ሁለት ትርፍ መርፌና አንድ ትርፍ ቺንጋ ይያዝ፤ ሁለቱም በኪስ የሚያዙ፣ ክብደት የሌላቸው ናቸው፤ ኋላ በፖስታ ማስላክ ግን ከዕቃዎቹ ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል።